ፊደሉን አሳንሺው

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ለድንኳኑ እድሩ ይጠራል፣ ለሕይወት ታሪኩ ደግሞ እኔና ባሌ እንጠራለን። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያነባል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በሟች ነው። "ታየች ጋ ሂዱ፣ እሷ ታውቅበታለች" ይባላል። ባሌ ጋሻው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ድምፁን እግዜር ሲሰጠው አልሰሰተበትም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሬሳው አጠገብ ቆሞ "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት" ብሎ ሲጀምር፣ ከሟች ጋር ተኳርፎ የኖረው ሰውዬ እንኳ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። አንዳንድ አሮጊቶች "መምህር ያንብብልኝ ብላችሁ አደራ" ብለው ለልጆቻቸው ይናዘዛሉ። እኔም ባሌ ነው ብዬ እኮራ ነበር። ለምን እዋሻለሁ!

ሰው የማያውቀው ዓይኑ እየሄደ መሆኑን ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለው። መነጽር ምንም አይሠራለትም፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀው ተባለ። ከክሊኒኩ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም አለና "ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ።

"ለልጆቹም?"

"ለማንም አልኩሽ እኮ!"

"ምን ያሳፍራል ታዲያ? ዓይን ነው፣ ሰርቀህ አልተያዝክ" አልኩት። አኮረፈኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ካርታ እየጠቆመ የኖረ ሰው የታክሲ ቁጥር ማንበብ አቃተው ሲባል ልቡ አልቻለውም። ገባኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ዝም አልኩ እንጂ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ለንባብ የሚይዛት አንዲት ታብሌት አለችን። እሷ ላይ ኤዲተር የሚሉት መጻፊያ ጫንኩለት። ገጽ የለው፣ ጌጥ የለው፣ ፊደል ብቻ ነው። የወደድኩትም ለዚሁ ነው፤ ፊደሉ እንዴት እንደሚታይ እንዳሻሽ ታዥዋለሽ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አጠገቤ አስቀምጬው እየነካካሁ "አሁንስ?" እያልኩ ዋልኩ። መጀመሪያ አተለቅኩት። "ትልቅ ነው፣ ግን ብርሃኑ ይወጋኛል" አለ። ነጩን መደብ ጥቁር አደረግኩት፣ ፊደሉን ቢጫ። የፊደሉ ዓይነት እግሩ ቀጭን ስለነበር "በ" እና "ሰ" ይምታቱበት ነበር፤ እግረ ወፍራም ፊደል ፈልጌ አመጣሁ። በቃልና በቃል መሃል ያለውን ቦታ ሰፋ አደረግኩ። አራት ነጥቡ ቀይ ሆኖ እንዲታይ አዘዝኩት፣ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ ከሩቅ እንዲያውቅ። ጽሑፉ ያው ነው፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው እንደማንኛውም ጽሑፍ ነው። እሱ ጋ ሲደርስ ግን ለሱ ዓይን ይሆናል። ማታ ለማንም ሳንናገር እንደ ልጅ ተሳሳቅን። "አየሁት ታየቼ" አለኝ። ለስንት ዘመን እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር!

ስክሪኑ ላይ የሚገባው ግን ጥቂት ቃል ነው። ስለዚህ ጋሻው ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ያጠናዋል፤ ታብሌቷ የምታስታውሰው ብቻ ናት። ሲያነብም ደረቱ ላይ ለጥፎ ይይዛታል፣ ማንም እንዳያይበት። እንዲህ እያደረግን ብዙ ሰው ቀበርን።

አቶ ሸዋንግዛው የዚያን ሰሞን አረፉ። ጌጃ ሰፈር የብየዳ ቤት የነበራቸው ናቸው፤ በዚህ አካባቢ የሳቸው እጅ ያልነካው የብረት በር ቢፈለግ አይገኝም። ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ሦስት ልጅ አላቸው፤ ባሮክ፣ ሰላሁንና ማኑ። እንዲህ ነው የሚባለው። እንዲህ የማይባለው ደግሞ ናዝሬት ናት። ከሌላ ሴት የወለዷት፣ ከባሮክ ቀጥላ የተወለደች፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። መልኳ ቁርጥ አባቷን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ሰፈሩ በሙሉ እንዳላወቀ ያልፋል። እሳቸውም እየሄዱ ይጠይቋታል እንጂ አንድ ቀን ቤታቸው ይዘዋት ገብተው አያውቁም።

የሕይወት ታሪኩን ያጻፈኝ የወለተሥላሴ ወንድም በሱፍቃድ ነው። "የሦስት ልጆች አባት" አለኝ፣ ጻፍኩ። እኔ ምን ቤት ነኝ? ጋሻው አመሻሹን ሶፋው ላይ ተቀምጦ አጠናው፣ በቃሉ ያዘው።

በቀብሩ ቀን ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት ባሮክ መጣ። ከኋላው ናዝሬት አለች፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"እትዬ ታየች፣ ልጆቹ ላይ እሷ ትግባ" አለኝ።

"እናትህስ?"

"ስንጨቃጨቅ አድረን እሺ ብላለች። አባዬን ስንዋሽ ኖረን እየዋሸን አንቅበረው አልኳት። አጎቴ አልወደደውም፣ እሱ ግን ምን ያገባዋል?"

ተቀመጥኩና ጻፍኩ። "የአራት ልጆች አባት ነበሩ፤ እነርሱም ባሮክ ሸዋንግዛው፣ ናዝሬት ሸዋንግዛው፣ ሰላሁን ሸዋንግዛውና ማኑ ሸዋንግዛው ናቸው።" ናዝሬት ጠጋ ብላ ስክሪኑን አየች።

"ሁለተኛ ነኝ" አለች።

"በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው።"

"ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው እትዬ?"

"መምህር ጋሻው ሲያነብ ሰምተሽ አታውቂም እንዴ? ግቢው ሙሉ ይሰማል!" አልኳት። ፈገግ አለችና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በአባቷ ቀብር ቀን ፈገግ በማለቷ አፍራ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ፍትሐቱ እያለቀ ነበር። ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ጋሻው ካፖርቱን ለብሶ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሟል። ታብሌቷን ተቀብዬው አዲሱን ጽሑፍ አስገባሁና "የልጆቹ ጋ የተቀየረ አለ፣ ልብ ብለህ እየው" ብዬ በጆሮው ሹክ አልኩት። "አየዋለሁ" አለ። ስሟን ልነግረው አፌን ስከፍት በሱፍቃድ መጥቶ በመሃላችን ገባ። እሱ ፊት እንዴት ልናገር? ጠብ ቢያነሳስ? ተውኩት።

በሱፍቃድ ደግሞ ዓይኑ ታብሌቷ ላይ ወደቀ። "ውይ መምህር! ምንድን ነው ይሄ? ፊደል ነው የሱቅ ታፔላ? ሜክሲኮ አደባባይ ሆኜ እኮ አነበው ነበር!" አለ። አጠገቡ የነበሩት ወንዶች ለቅሶ መሆኑን ረስተው ሳቅ አሉ። አንደኛው አንገቱን አስግጎ አየና "ዓይንዎ ደከመ እንዴ መምህር?" አለው።

"ኧረ ዓይኔ ምን ሆኖ!" አለ ጋሻው። "ታየች ናት ስትነካካ ያበላሸችው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "አሳንሺው" አለኝ።

"ጋሻው..."

"አሳንሺው አልኩሽ! እንደ ሰው አድርጊው።"

እንዲያ ብሎ በሰው ፊት በእኔ ማላከኩ አናደደኝ። ግን ከመናደዴ በላይ አፈርኩ። ወንዶቹ እያዩን ነው፤ ከወንዶቹ ኋላ ሴቶቹ አሉ። "የታየች ባል ታወረ አሉ" ሲሉ እስከ ጌጃ ሰፈር ተሰማኝ። ይሄኔ "ተወው፣ አይሆንም" ማለት የኔ ፈንታ ነበር። እኔ ነኝ የማውቀው። እኔው በእጄ ፊደሉን አሳነስኩት። ጥቁሩን መደብ ነጭ አደረግኩ፣ ቢጫውን ጥቁር፣ ቀዩን አራት ነጥብ እንኳ አጠፋሁት። ሌላ ሰው እጅ ላይ ያለ ተራ ታብሌት መሰለ። ስመልስለት "ታየዋለህ?" ብዬ በዓይኔ ጠየቅኩት። ዓይኔንም አላየውም።

ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያውን በቃሉ ስለያዘው ውኃ ሆነለት። ትውልዳቸውን አለ፣ ብየዳ የተማሩበትን አለ፣ ለስንቱ ደሃ በነፃ በር እንደሠሩ ሲል ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ ልጆቹ ጋ ደረሰና ቆመ። የተቀየረ ነገር እንዳለ ያውቃላ! ታብሌቷን ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ወደ ጎን ዘንበል አደረጋት። ፀሐዩ ነጩ ላይ አረፈበት። ሕዝቡ ይጠብቃል። ናዝሬት ባሮክ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። ጋሻው ራሱን ቀና አድርጎ በሱፍቃድ ወደቆመበት ዞረ። እኔ ግራ ሲገባው እንደዚያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ የሰው ድምፅ ወዳለበት ነው የሚዞረው። ለሕዝቡ ግን የታየው ሌላ ነው። ያየውን ስም አይቶ፣ በሱፍቃድን አይቶ፣ ሲያመነታ።

"የሦስት ልጆች አባት ነበሩ" አለ። "ባሮክ፣ ሰላሁንና ማኑ።"

ከኋላ "እንዴ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። የወለተሥላሴ እሺታ ለካ ቀድሞኝ ለቅሶ ቤቱን አዳርሶት ኖሯል። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ ናዝሬትን አያት። አላለቀሰችም። አንገቷን ደፋች፣ ከዚያ ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች ወጣች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሻው ምንም ሳያውቅ በዚያ ባማረ ድምፁ ማንበቡን ቀጠለ።

ቀብሩ ካበቃ በኋላ በሱፍቃድ መጥቶ የጋሻውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠው። "እግዜር ይስጥልን መምህር! ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው። የቤታችንን ገመና ሸፈኑልን" አለው። ጋሻው "ምኑን?" አለ። ያኔ ነው የገባው። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ።

ባሮክ ደግሞ እየተንደረደረ መጣ። "መምህር፣ ምን አድርገንዎት ነው? እኔ ራሴ ነኝ ያስገባኋት! ስሟ ተጽፏል! እያዩት ዘለሉት!"

ጠበቅኩ። "አላየሁትም" ማለት ብቻ ነው፤ አንዲት ቃል ናት። ጋሻው ታብሌቷን ደረቱ ላይ ለጠፋት። ከብቦን ሰው አለ።

"ለቤተሰቡ ክብር አስቤ ነው" አለ።

በሞትኩት! ባሮክ መሬት ላይ ጢቅ አለና ሄደ። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ቆሜያለሁ።

ቤት እንደገባን ለቀቅኩበት። "ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? የሰው ልጅ አባቷን ሕዝብ ፊት ስትቀማት ዝም ብለህ ታያለህ?"

"አላይም እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"እሱን ለባሮክ ነበር የምትለው!"

"ታየች፣ ክፉ ነው ቢሉኝ ይሻለኛል። ክፉ ሰው ይፈራል። ዕውር ግን ይታዘንለታል። እኔ እንዲታዘንልኝ አልፈልግም።"

"አሁንማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ በለኛ!"

ጠብታውን ፈልጎ ጠረጴዛውን ሲዳብስ ጠርሙሱን ጣለው። አነሳሁለት፣ ጨመርኩለት። እየተሳደብኩም ቢሆን ጨመርኩለት።

በማግስቱ ሱቅ ስውል ሰው እየገባ ያየኛል። አንዷ ደንበኛዬ ፎቶ ኮፒዋን እየተቀበለች "መምህር እንዲህ ያለ ሰው ነው እንዴ? አዝኜበታለሁ" አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ይገባ ነበር። "የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን" አልኳት። ከዚህ የባሰውን ልናገር፤ ውስጤ ቀለል አለው። ዓይኑን ማንም አላወቀማ! ሰው "ባሏ ክፉ ነው" ሲለኝ ያመኛል፣ "ባሏ ታወረ፣ ምስኪን" ቢለኝ ግን አልችለውም ነበር። ለካ እኔም ከሱ አልሻልም። ይህን ሳውቅ በራሴ አፈርኩ፤ ሱቄን ዘግቼ ወደ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ።

ናዝሬት በሯን ገርበብ አድርጋ እየሰፋች ነው። ስትሰፋ ሳያት ደነገጥኩ፤ አባቷ ትናንት የተቀበረ ሰው ይሰፋል እንዴ? ደግሞ ምን ታድርግ? ለቅሶ ልቀመጥ ብትል የት ትቀመጣለች? በርጩማ አሳየችኝ። ተቀመጥኩና ያለ የሌለውን ዘረገፍኩት። ዓይኑ ግፊት እንዳለበት፣ ፊደሉን እንዴት እንደማተልቅለት፣ እዚያ ሰው ሲስቅበት እንዴት እንዳሳነስኩት፣ አንዲቷን ቃል እንዳላየ። "ሆን ብሎ አይደለም ልጄ፣ በማርያም አይደለም" አልኳት።

የማሽኑን መዘውር በመዳፏ ያዝ አድርጋ አቆመችው። "ሌላ ሰው ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።"

"ለምን ለኔ ብቻ? እኔ እንዳልቀየማችሁ ነው? እትዬ፣ እኔ መምህር ክፉ ናቸው ብዬ አይደለም የወጣሁት። ያ ሁሉ ሰው አባትሽ አይደሉም ሲባል ስለሰማ ነው። አሁን እርስዎ በሬን ገርበብ አድርገው ለኔ ነገሩኝ። እነሱስ?"

"ነገ ሣልስት ነው፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ነይና አብረን..." ብዬ ጀመርኩ።

"ምን ሆኜ ልምጣ? እንግዳ ሆኜ?"

ጨርቁን ከመርፌው ሥር እያወጣች፣ ሳትቆጣ እንዲሁ እንደ ዋዛ እንዲህ አለችኝ። "ከገቡ ጀምሮ ስለ ባልዎ ዓይን ነገሩኝ። እኔ እኮ አባቴ ነው የሞተብኝ። እስካሁን እግዚአብሔር ያጽናሽ ያለኝ ሰው የለም። እርስዎም አላሉኝም።"

አፈር በበላሁ! አፌን ስከፍት አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ለማስጠበብ ገባች። ናዝሬት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተነሳች፣ "ይግቡ እማማ" አለቻት። እኔ በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ወጣሁ። ሌላ ሴት ፊት፣ እንዲያ ነጥላኝ ከነገረችኝ በኋላ፣ ዞሬ ያን ቃል ልላት አልቻልኩም። እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ ስሄድ ፊቴ እንደ ምጣድ ይግል ነበር።

ለጋሻው ምንም ሳልቀንስ፣ ምንም ሳልጨምር ነገርኩት። "እግዚአብሔር ያጽናሽ ያላት የለም" ስለው እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ስንት ሺህ ሰው ያስለቀሰ ሰውዬ ራሱ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም ለካ። እኔ አላባበልኩትም። ላባብለው አልፈለግኩም።

በሣልስቱ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሏል። የእድሩ ሰዎች ንፍሮ እያዞሩ ነው። እኛ ስንገባ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከወገቡ ብድግ አለልን፤ የበሱፍቃድ ወገን መሆኑ ነው። የቱ እንደባሰብኝ አላውቅም። ጋሻው አልተቀመጠም። ድንኳኑ መሃል ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

"አንድ ጊዜ ስሙኝ" አለ። ያ ድምፁ የለም። "የአቶ ሸዋንግዛውን ታሪክ ሳነብ ለቤተሰቡ ክብር አስቤ ነው ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። ስሙን አላየሁትም። ዓይኔ አያይም። ከታመመ ቆይቷል። እዚህ አጠገቤ የተቀመጠው ማን እንደሆነም አላውቅም። ፊደሌ ትልቅ ነው ተብሎ ሲሳቅብኝ አፈርኩና አሳንሺው አልኳት፤ ከዚያ የማላየውን ከጭንቅላቴ አነበብኩ። ጽሑፉ የሚለው የአራት ልጆች አባት ነው። ናዝሬት ሸዋንግዛው ልጃቸው ናት።"

ንፍሮ የያዘችው ልጅ ባለችበት ቆመች። በሱፍቃድ ከመቀመጫው "መምህር፣ አሁን ይሄ ምን ያስፈልጋል? ያለፈ ነገር ነው" አለ።

"ለሷ አላለፈም" አለ ጋሻው። "አባቷ ሞቶባት ለቅሶ ያልተደረሰች ልጅ አለች። እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው።" ከዚያ እጁን ወደ ጎን ዘረጋና "ታየች፣ ያዥኝ፤ መንገዱን አላየውም" አለኝ።

በሰው ፊት እጄን ያዥኝ ብሎኝ አያውቅም። ያዝኩት። ሰው ሁሉ ያየናል። ያ የፈራሁት "ምስኪን" የሚለው ከንፈር መጠጣ ከሴቶቹ በኩል መጣ፣ ሰማሁት፣ አልገደለኝም። ባሮክ ተነሳ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው ተነሱ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዳንዱ አዝኖ፣ አንዳንዱ የሚሆነውን ለማየት፤ ሰው እኮ ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከፍራሿ አልተነሳችም። ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ መልሳ ተቀመጠች። እሷን ማን ይፈርድባታል? የራሷ ቁስል አላት።

መንገዱን እየመራሁት ሄድን። "ጠጠር አለ"፣ "ቦይ ነው፣ ተራመድ" እያልኩ፣ ሰዉ ከኋላችን ተከትሎን። ጌጃ ሰፈር ስንገባ ባለሱቆቹ ወጥተው አዩን። የናዝሬት ማሽን ድምፁ ይሰማል። ባሮክ በሩን ገፋ። ብድግ ስትል ከኋላው ያለውን ሰው አየችና ጭኗ ላይ የነበረው ጨርቅ ወደቀ።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አለች።

"ለቅሶ ልንደርስ ነው" አላት ባሮክ።

የት እንደምትቀመጥ አላወቀችም። ሐዘንተኛ የሚቀመጥበትን ቦታ ማንም አልሰጣትማ እስከ ዛሬ! ባሮክ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጨርቆቹን አነሳ፣ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ አነጠፈ፣ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፣ ትከሻ ለትከሻ። እንዲያ ሲቀመጡ ሁለቱም ሸዋንግዛውን ነው የሚመስሉት።

ጋሻው መጀመሪያ ገባ። ጎንበስ ሲል እጇን አጣው፤ አየር ላይ ሲፈልግ እሷ ራሷ ያዘችለት። "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አላት። "በድዬሻለሁ።"

ስለ በደሉ ምንም አላለችውም። "አሜን" አለች ብቻ። ከዚያ ሽማግሌው ገቡ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሏቸው፣ ለሁለቱም። ቀጥሎ የእድሩ ሰው። ቤቷ ሁለት ሦስት ሰው ነው የምትይዘው፣ ስለዚህ እየገባን እየወጣን ተሰለፍን፣ ሰልፉ ከበሯ እስከ ቦዩ ደረሰ። አራተኛው ወይ አምስተኛው ሰው ላይ "አባዬ!" የሚል ጩኸት ከውስጥ ወጣ። ከጎረቤት ሴቶች ሮጠው መጡ።

እኔ ጋሻውን ግድግዳ አስደግፌ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ሰዉ ያልፋል፣ ይወጣል፣ ነጠላውን እያስተካከለ ይሄዳል። እዚያች ቤት ከሁሉም ቀድሜ ትናንት የገባሁት እኔ ነኝ፤ በርጩማ ተሰጥቶኝ የተቀመጥኩት፣ የባሌን ዓይን ያወራሁት። ተራዬ ሲደርስ ገባሁና ጎንበስ ብዬ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።